ምስማር ላይ የማይሰቀል ቦርሳ

"ቀስ ይበሉ አባቴ፣ አምፖል አለ እዚያ ውስጥ።"

የበሩ ጥበቃ እስከ ክርኑ ቦርሳዋ ውስጥ ያስገባውን እጁን ባለበት አቆመው። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ የተጠቀለለ የሱፍ ካልሲ ጎትቶ አወጣ። ካልሲው ጫፉ ላይ አብጧል።

"ይሄ ነው አምፖሉ?"

"አዎ።"

"ውስጥ መብራት ተቃጠለ ብለው ነው የላኩሽ?"

"አይ፣ የራሴ ነው። እኔ ለሥራ ሙከራ ነው የመጣሁት።"

"አምፖል ይዘሽ።"

"አምፖል ይዤ።"

ጥበቃው ካልሲውን እንደ እንቁላል አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። "በዚህ በር ጡጦም፣ መጥረቢያም፣ አንድ ቀን ደግሞ ከነነፍሷ ዶሮ ሲገባ አይቻለሁ። በካልሲ አምፖል ግን ዛሬ ገና ነው" አለ። "ግቢ ልጄ፣ ይቅናሽ።"

ገባች። ግቢው የሳሙናና የእንፋሎት ሽታ አለው፤ ከትልቁ አዳራሽ የማሽኖቹ ጉምጉምታ እስከ እግሯ ድረስ ይሰማታል። ስልኳ ነዘረ። የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ናት፤ ከአጎቷ ቤት።

"ገባሽ?"

"ገባሁ" ብላ ጻፈች።

"ፈርተሻል?"

"ትንሽ።"

"ፈገግ በይ። አንቺ ስትፈሪ ፈገግ ካልሽ ሰው ደስ ያለሽ ነው የሚመስለው።"

ፈገግ አለች። ልጅቷ ያላወቀችው ነገር፣ እናቷ እውነትም ደስ ብሏታል።

መጠለያው ውስጥ አብረዋት የሚያድሩት ሴቶች "መንገደኛዋ" ነው የሚሏት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አታወርድማ። ስትበላ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ስትተኛም ማንገቻው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ ያድራል። "መንገደኛዋ፣ አውቶቡስሽ ዛሬም ቀረ?" ይሏታል። አብራቸው ትስቃለች፣ ቦርሳውን ግን አታወርድም። አንድ ጊዜ የበፊቱን ቦርሳዋን አውርዳ ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ውኃ ልትጠጣ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል መሬቱ ባዶ ነበር፤ የትምህርት ማስረጃዋ፣ የልጇ የልደት ወረቀት፣ የቀራት ሹራብ፣ ሁሉም የለም። የተረፈው ካፖርቷ ኪስ ውስጥ የነበረው አምፖል ብቻ ነው።

አምፖሉ የመጨረሻው ቤቷ ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ኪራዩን አልቻለችውም። አከራይዋ ውጪ ያለቻት ዕለት፣ ዕቃው ሁሉ ተሸጦ አልቆ ክፍሉ ባዶውን ሲቀር፣ ባልዲ ገልብጣ ቆመችበትና አምፖሉን ፈትታ ወሰደችው። በራሷ ገንዘብ የገዛችው ነዋ። ልጇን ወንድሟ ወሰደላት፤ እሷ መናኸሪያ፣ ከዚያ የሆስፒታል መጠበቂያ አዳራሽ፣ ከዚያ የተዘጉ ሱቆች በረንዳ፣ በመጨረሻ መጠለያው። አምፖሉ ሦስት ዓመት ሳይሰበር አብሯት ዞረ። ልጇ ትስቅባታለች። "እማ፣ እንደዚህ ዓይነት አምፖል እኮ አሁን መሸጥም አቁሟል" ትላታለች። "ምናለ፤ እኛ ክፍል ስንከራይ የሚበራው እሱ ነው" ትላታለች እናትየው። ክፍል ለመከራየት ደግሞ ደመወዝ ያስፈልጋል።

ሥራ ሳትጠይቅ የቀረችበት ቦታ የለም። ሁሉም ዘንድ ነገሩ መልካም ይጀምርና "አድራሻሽ የት ነው?" ላይ ይደርሳል። የመጠለያውን ስም ስትነግራቸው ብዕሩ ይቆማል፤ "እንደውልልሻለን" ይባላል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት መጠለያው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ደጋግማ አነበበችው፦ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት፤ አድራሻ አይጠየቅም፤ አመልካች አንድ ቀን ሠርቶ ይታያል፤ የዋለበት ይከፈለዋል።

የክፍሉ ኃላፊ አጭር ፀጉር ያላት ቀጭን ሴት ናት። ለሙከራ የመጡት ሦስት ናቸው፦ እሷ፣ ባለ መነጽር ወጣትና ኮፍያውን ከጭንቅላቱ የማያወርድ ግዙፍ ሰውዬ።

"ከየት እንደመጣችሁ አልጠይቅም" አለች ኃላፊዋ። "የማየው እዚህ የምትሠሩትን ነው። ሁለት ሰው ነው የምንቀጥረው። ዛሬ ማንም አይታዘንለትም፣ ማንም አይናቅም፤ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። የመጀመሪያው ደንብ ይኸው፤ የግል ዕቃ ንጹሁ ክፍል ውስጥ አይገባም። ኮሪደሩ ላይ ምስማር አለ፣ እዚያ ሰቅላችሁ ጋውን ልበሱ።"

ኮሪደሩ በአንድ ጎኑ የነባር ሠራተኞቹ የብረት ሎከሮች ተደርድረውበታል፤ በየበራቸው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በሌላው ጎን ግድግዳው ላይ የተመቱ ምስማሮች አሉ። ከምስማሮቹ ቀጥሎ የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጋሪ የሚገፉ የማታውቃቸው ሰዎች ይገባሉ ይወጣሉ። ወጣቱ ጃኬቱን ሰቀለ። ሰውዬው ፌስታሉን ሰቀለ። መንገደኛዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወደ ምስማሩ አስጠጋችው፤ እጇ ግን እምቢ አላት። ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቦርሳውን ወደ ጀርባዋ አዙራ፣ ማንገቻውን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ጋውኑን ከላይ ደረበችበት።

ማጠፊያው ጠረጴዛ ዘንድ የጠበቀቻት ሴት "ሬዲዮ" ትባላለች፤ ማሽኖቹ ሁሉ ሲሠሩ ከነሱ በላይ የምትሰማ እሷ ብቻ ስለሆነች።

"ነይ እናቴ፣ ከኔ ጋር ነሽ። ሁለቱን ጫፍ ያዢ። አትጎትቺ፣ አትልቀቂ። ስመጣ ትመጫለሽ፣ ስሄድ ትሄጃለሽ፤ ጭፈራ በይው።" ከዚያ ዓይኗ መንገደኛዋ ጀርባ ላይ ቀረ። "ውይ፣ ከኋላ ያረገዘች ሴት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ቦርሳዬ ነው። ለኃላፊዋ እንዳትነግሪብኝ።"

"እኔ? የኔ አፍ የማይዘጋው ለማይረባ ነገር ነው። ለሚረባው ግጥም ይላል። ያዢ በይ።"

አንሶላው በመካከላቸው እንደ ሸራ ተነፍቶ ወረደ። መጀመሪያ ላይ መንገደኛዋ ስትሄድ ሬዲዮ ትመጣለች፤ ሬዲዮ ግራ ስታጥፍ እሷ ቀኝ ታጥፋለች። "የማን ሠርግ ላይ ነው እንደዚህ የሚጨፈረው?" አለች ሬዲዮ። ቀስ በቀስ ግን እግሯ ነገሩን ያዘው። ወደኋላ፣ ዘርጋ፣ አንዴ ነፋ፣ እጥፍ፤ ወደፊት፣ ጫፍ ከጫፍ፣ እጥፍ፤ እንደገና ወደኋላ። ጨርቁ ከማድረቂያው ገና መውጣቱ ስለሆነ እጇን ያሞቀዋል። ከፊቷ ያለው ክምር አደገ፤ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሦስት ዓመት ሙሉ እጇ ሲሸከም እንጂ ሲሠራ አልዋለም ነበር። አሁን ጣቶቿ ከሷ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

"ሰፈርሽ የት ነው?" አለች ሬዲዮ በመካከል።

ጥያቄው እንዲሁ የወሬ ነው። ያም ሆኖ አንሶላው ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። "ከብዙ ሴቶች ጋር ነው የምኖረው" አለች።

"ገዳም ነው?"

"ገዳም እንኳ አይደለም። ጭቅጭቅ አለ።"

"እንግዲያው እኔ ቤት ነዋ" አለች ሬዲዮ፤ ሁለቱም ሳቁ። ሬዲዮ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻትም። ወይ ገብቷታል፣ ወይ ስለ አማቷ የጀመረችው ታሪክ በልጦባታል።

ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ በአጠገባቸው አለፈች። በሁለተኛው ከክምሩ መካከል አንድ አንሶላ ስባ አወጣችና ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። ምንም ሳትል መለሰችው።

"ወዳዋለች" አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ፣ የሷ ሹክሹክታ እስከ ማድረቂያው ድረስ ቢሰማም። "ካልወደደች ትናገራለች። ዝም ካለች ጥሩ ነው።"

ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል ደወለ። እንግዶቹ ከተነገረው ቀድመው ደርሰውበታል፤ አንሶላው አሁኑኑ ይፈለጋል። አዳራሹ ተቀየረ። ጋሪዎቹ መሮጥ ጀመሩ፤ ኃላፊዋ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"አንቺ፣ እጅሽ ፈጣን ነው። ወደ መተኮሻው ነይ" አለቻት።

እጅሽ ፈጣን ነው። መንገደኛዋ ይህን ቃል ለልጇ ስትነግራት ታያት። የመተኮሻው ማሽን የአንድ ክፍል ግድግዳ ያህል ይሰፋል፤ እርጥቡን አንሶላ በአንድ በኩል ሲያጎርሱት በሁለት የጋሉ ከበሮዎች መካከል አሳልፎ በሌላው በኩል ደረቅና ልሙጥ አድርጎ ይተፋዋል። ሬዲዮ ከማዶ ቆማ በዓይኗ ወደ ጀርባዋ ጠቆመቻት። መንገደኛዋ እንዳላየች ሆነች። አሁን ይህን ሥራ አቁማ ኮሪደር ልትሄድ? አሁን፣ እጅሽ ፈጣን ነው በተባለች በደቂቃው?

አጎረሰች። ማሽኑ ዋጠ። ደግማ አጎረሰች። ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል፤ ቦርሳው ከጋውኑ ሥር መንሸራተት ጀምሯል። የሚቀጥለውን ጫፍ ለመያዝ ጎንበስ ስትል ቦርሳው ከጎኗ ዞሮ ወጣ፤ ትርፉ የማንገቻው ጫፍ እርጥቡ አንሶላ ላይ ወደቀ፤ ከአንሶላው ጋር አብሮ ሄደ።

ደረቷ ላይ አንድ ነገር ጨምድዶ ወደፊት ሳባት። መጮህ እንኳ አልቻለችም።

ሬዲዮ ግን ለመጮህ ጊዜ አላባከነችም። በአንድ እርምጃ ደርሳ ቀዩን መጫኛ በሙሉ መዳፏ መታችው። ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። ኃላፊዋ በመቀስ ማንገቻውን ቆረጠችው፤ መንገደኛዋ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ወደኋላ ተንደርድራ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከበሮው ላይ የተጣበቀው አንሶላ መጨስ ጀመረ።

ሁሉም እሷን ያያል። እሷ ግን ካልሲውን አውጥታ ጆሮዋ ላይ ነቀነቀችው። የሚንኳኳ ነገር የለም። ደህና ነው።

"ጣትሽ ቢሆንስ?" አለች ኃላፊዋ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ከቁጣው ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነበር። "እጅሽ ቢሆን ኖሮስ? ለቤተሰብሽ ምን ብዬ እነግራለሁ? ምስማር ላይ ይሰቀል አላልኩም?"

"ብለዋል።"

"ዕቃሽን ያዢ። የዋልሽበት ይከፈልሻል። ሌላ ሰው ቢያደርገውም ይህንኑ ነበር የምለው።"

ተነሣች። ሂጂ ሲሏት መሄድ ለምዳለች። ከበረንዳ ሂጂ፣ ከመጠበቂያ አዳራሽ ሂጂ፤ እግሯ መንገዱን ያውቀዋል። ጋውኑን እያወለቀች ኮሪደሩ ላይ ደረሰች። ጋሪ የሚገፋ አንድ ሰው እርጥብ የዝናብ ልብሱን በወጣቱ ጃኬት ላይ ደርቦ ሰቅሎ በኋላው በር ወጣ። በማዶው ጓጉንቸሮቹ ያብለጨልጫሉ። መንገደኛዋ ቆመች። ጠዋት እጇ ነበር እምቢ ያላት፤ አሁን ደግሞ እግሯ።

ተመለሰች። ኃላፊዋ የተቃጠለውን አንሶላ ከበሮው ላይ እየላጠች ነበር።

"ይቅርታ" አለቻት። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሱ አልከራከርም። እሄዳለሁ። ግን ጠዋት ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው ብለው ነበር።"

"ነው።"

"አይደለም።" ወደ ኮሪደሩ ጠቆመች። "የነሱ ዕቃ ቁልፍ አለው። የኛ ያለው ምስማር ነው፣ ያውም ክፍት በር አጠገብ። ቤት ያለው ሰው ቦርሳው ቢጠፋ የጠፋው ቦርሳው ነው። እኔ ቤት የቀረ ነገር የለኝም። ያለኝ እዚህ ውስጥ ያለው ነው።"

የሚቀዘቅዘው ማሽን ጠቅ ጠቅ ይላል። ከዚያ ባለ መነጽሩ ወጣት እግሩን አንሥቶ ከካልሲው ውስጥ ስልኩን አወጣ።

"እኔም ምስማሩን አላመንኩትም" አለ አፍሮ።

ግዙፉ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮፍያውን አነሣ፤ መላጣው ላይ መታወቂያውና የታጠፈ ብር ተቀምጧል።

"አይ እናንተ" አለች ሬዲዮ። "እኔ ስጀምር የቤቴን ቁልፍ እዚህ ነበር የምይዘው።" ደረቷን መታ መታ አደረገች። "አንድ ቀን ጎንበስ ስል ማጠቢያው ውስጥ ገባና ከአንሶላ ጋር ታጠበ።"

ሳቁ ከየአቅጣጫው አመለጠ። ኃላፊዋ አልሳቀችም። የተቃጠለውን አንሶላ አስቀምጣ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። በበሩ በኩል ይታያሉ፤ እሷና ምስማሮቹ። በየቀኑ በዚያ ታልፋለች፤ አሁን ግን አዲስ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው ቆማ አየችው። የዝናብ ልብሱን አንሥታ የጃኬቱን እርጥበት በእጇ ዳሰሰች። ስትመለስ ሦስት ጓጉንቸር ይዛለች።

"ዳር ያሉት ሎከሮች የማንም አይደሉም። አሮጌ ማንጠልጠያ ነው የሞላንባቸው" አለች። "አውጡና ዕቃችሁን አስገቡ። ቁልፉ እናንተው ዘንድ ይሁን።" ከዚያ ወደ መንገደኛዋ ዞረች። "አንቺም።"

"አልተባረርኩም?"

"ማሽን አጠገብ ዛሬ አትደርሺም። ያቃጠልሽውን አንሶላም አልረሳውም። ያንቺ ጥፋት ያንቺ ነው፣ የኔም የኔ ነው። አሁን ሆቴሉ አንሶላ እየጠበቀ ነው፤ ከሬዲዮ ጋር ማጠፍ ጆሮሽ ከቻለ ሂጂ እጠፊ።"

መንገደኛዋ የተቆረጠውን ማንገቻ ቋጥራ ቦርሳዋን ሎከሩ ውስጥ አስገባች። ቆለፈችው። ፈትሻ ጎተተችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ ደግማ ጎተተችው። ከዚያ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሮጠች።

ጀርባዋ ባዶ ነው። ያለ ቦርሳ ማጠፍ ሌላ ሥራ ሆነባት፤ ስትጎነብስ የሚንሸራተት የለም፣ ስትዘረጋ የሚጎትታት የለም። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወሬዋ መካከል ትንፋሽ አጥሯት "ቀስ በይ፣ እኔ ባለ ሦስት ልጅ ነኝ" አለቻት። የመጨረሻው ጋሪ ተሞልቶ በኋላው በር ሲወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጆሯቸው ብቻ ይጮኻል።

ኃላፊዋ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ግዙፉ ሰውዬ ኮፍያውን በእጁ ጨምቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ግን እየሳቀ ወጣ። ባለ መነጽሩ ወጣት ትከሻውን ነቀነቀ፤ "አዲስ ማሽን ሲመጣ እንደገና ሞክር፣ እጅህ ገና ነው ተባልኩ" አለ። ጃኬቱን ሲለብስ ለመንገደኛዋ "ግን አንቺ ካልገባሽ ይገርመኛል" አላት። እሷ እጁን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። በተራዋ ገባች።

"ነገ ጠዋት ነይ" አለቻት ኃላፊዋ። "እንደማንኛውም ሰው ሦስት ወር ትሞከሪያለሽ። መተኮሻውን ሬዲዮ እንደገና ታለማምድሻለች፤ ያለ ማንገቻ።"

"እሺ።"

"ሌላ ጥያቄ አለሽ?"

አንድ ሺህ ጥያቄ ነበራት፤ አፏ ውስጥ ግን ሳቅ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። "ቁልፉን ለማን ልመልስ?"

"ምን ያስመልስሻል? ሎከሩ ያንቺ ነው።"

ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሎከሯን ከፍታ ስልኳን አወጣች። ልጇ ስድስት ጊዜ ጽፋለች፤ የመጨረሻው "እማ ዝም አትበይኝ በናትሽ" ይላል። "ገባሁ" ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ያ የጠዋቱ "ገባሁ" መስሎ እንዳይታያት "ሥራ ገባሁ" ብላ አስተካክላ ላከችው። ስልኳ ወዲያው ይነዝር ጀመር፤ አላቆመም። ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ እዚያም ሆኖ ጭኗን ይነዝራታል።

ቦርሳዋን በቋጠረችው ማንገቻ አንጠልጥላ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። ትከሻዋ ክብደቱን ያውቀዋል፤ ራሱ ተመቻችቶለት ነበር። እዚያ ቆመች። የማታውን የመጠለያ ልብሷን ከቦርሳው አውጥታ በክንዷ ላይ ጣለችና ተመለሰች። ቦርሳውን ሎከሩ ውስጥ አቆመችው፤ ካልሲውን ከታች አውጥታ ምንም እንዳይጫነው ከላይ አደረገችው። በሩን ዘጋች። ቆለፈች። አንድ ጊዜ ጎተተችው። ሁለተኛ አልጎተተችም።

በሩ ላይ ጥበቃው ከሩቅ ሲያያት እጅጌውን ሰበሰበ።

"ነይ እስቲ አምፖሏ። ወጪም ይፈተሻል።" ከዚያ ትከሻዋን አየ። "ቦርሳሽስ?"

"ውስጥ ነው።"

"አምፖሉስ?"

"እሱም እዚያው ያድራል።"

"ታዲያ እኔ ምን ልፈትሽ?" አለ ሽማግሌው።

መንገደኛዋ ልብሷን ደረቷ ላይ በአገጯ ይዛ፣ ሁለት እጆቿን አንሶላ እንደሚዘረጋ ሰው ግራና ቀኝ ዘርግታ አሳየችው።